ክፉ ሰው ለምን ይሳካለታል? የጥንቱ ጥያቄና የክርስትና መልሶች

ድሃ የበደለ ሲከብር፣ ጉቦ የበላ ፎቅ ሲያቆም፣ እውነት የመሰከረ ደግሞ ከእንጀራው ሲፈናቀል ያየ ምእመን «ፈራጅ አምላክ እያለ ይህ እንዴት ይሆናል?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው የእምነት ጉድለት የሚመስላቸው አሉ። ሆኖም አስቀድመው የጠየቁት ነቢያት ናቸው። ኤርምያስ በምዕራፍ 12 እግዚአብሔርን ፊት ለፊት ይሟገታል፤ ዕንባቆም ከለዳውያን ከእነሱ የሚሻለውን ሕዝብ ሲያጠፉ ስለ አምላክ ዝምታ ይጠይቃል፤ አሳፍ ደግሞ በዳዊት መዝሙር 72 (በሌላው አቆጣጠር 73) በኃጥኣን ድሎት ቀንቶ ከእምነቱ ሊናወጥ ጥቂት እንደቀረው ይናገራል።

የጥያቄው ክብደት በሁለት የይሁዳ ነገሥታት ታሪክ ጎልቶ ይታያል። ምናሴ ለጣዖት መሠዊያ ሠራ፣ ልጁን ለእሳት ሰጠ፣ ኢየሩሳሌምን በንጹሐን ደም አጥለቀለቃት፤ ግን 55 ዓመት ነገሠ። ከይሁዳ ነገሥታት ይህን ያህል በዙፋን የቆየ የለም። የልጅ ልጁ ኢዮስያስ ቤተ መቅደሱን አደሰ፣ ጣዖታቱን አስወገደ፤ እርሱ ግን ገና በ39 ዓመቱ በመጊዶ በፈርዖን ኒካዑ እጅ ተገደለ።

ይህን ታሪክ የሚያስረዱት ሁለቱ መጻሕፍት መንገዳቸው ይለያያል። መጽሐፈ ነገሥት የይሁዳን መጥፋት ምናሴ ካፈሰሰው ደም ጋር ያያይዘዋል፤ ቅጣቱ ዘግይቶ በትውልድ ላይ ወረደ ማለት ነው። መጽሐፈ ዜና መዋዕል ግን ምናሴ በአሦራውያን ተይዞ ወደ ባቢሎን እንደተጋዘ፣ በዚያም ተጸጽቶ ወደ መንግሥቱ እንደተመለሰ ይተርካል። የኢዮስያስንም ሞት የሚያስረዳው በኒካዑ አንደበት የመጣለትን የእግዚአብሔር ቃል ባለመስማቱ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምትቀበለው ጸሎተ ምናሴም የዚህን ንጉሥ ንስሐ ያስታውሳል።

የመጀመሪያው መልስ የሚወጣው ከዚህ ነው፦ የፍርድ መዘግየት የንስሐ ዕድሜ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስም በሁለተኛ መልእክቱ የጌታን ትዕግሥት የተረጎመው እንዲሁ ነው። ይህ መልስ ግን ብቻውን አይበቃም። ምናሴ ቢመለስም የገደላቸው አልተመለሱም። ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ልጅ በአባቱ ኃጢአት አይጠየቅም ካለ በኋላ ደግሞ፣ ንስሐም ሳይገባ ቅጣትም ሳያገኘው በድሎት የሞተው በዳይ ጉዳይ የት ይታያል የሚለው ጥያቄ ይከተላል።

ሁለተኛው መልስ ፍርዱን ከሞት በኋላ ያቆመዋል። ሙሉ ይዘቱ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ በመጨረሻ ክፍሉ ድሃን በድለው የከበሩትን በቀጥታ ይገሥጻል፤ በሰላም መቀበራቸውም ከፍርድ እንደማያድናቸው ያስጠነቅቃል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ስለ ባለጠጋውና ስለ አልዓዛር የተነገረው ታሪክም ሚዛኑ ከመቃብር ወዲያ እንደሚስተካከል ያስተምራል።

ክርስቶስ በእንክርዳዱ ምሳሌ ሦስተኛ ነገር ጨመረ፦ እንክርዳዱ ያለጊዜው ቢነቀል ስንዴውም አብሮ ይነቀላል። ሮም በ410 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአላሪክ ከተዘረፈች በኋላ አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ ነገሩን አስፍቶታል። ኃጢአት ሁሉ እዚሁ ቢቀጣ ለመጨረሻው ፍርድ የሚቀር ባልመሰለን ነበር፤ አንዱም ባይቀጣ ደግሞ ዓለምን የሚመራ አምላክ የለም ባልን ነበር ይላል። ለእርሱ ምቾትም መከራም ለደጉም ለክፉውም ይደርሳል፤ ልዩነቱ እያንዳንዱ በተቀበለው ነገር ምን እንደሚሠራበት ነው።

መልሶቹ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ የሰው ኑሮ በእግዚአብሔር ፊት ያለውን ደረጃ አያሳይም። የኢዮብ ወዳጆች መከራውን አይተው ኃጢአተኛ ነህ አሉት፤ በመጽሐፉ መጨረሻ የተወቀሱት ግን እነሱ ናቸው። ክርስቶስም የሰሊሆም ግንብ ተንዶ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌሎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል። ዛሬ ሀብትና ጤናን የእምነት ማረጋገጫ አድርጎ የሚሰብከው «የብልጽግና ወንጌል» የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዳዩን በሀብቱ የተባረከ ያስመስለዋል፤ ተበዳዩን ደግሞ በድህነቱ ላይ እምነት የለህም ብሎ ዳግም ይበድለዋል።

የፍርድ መዘግየት ለእኛም የዝምታ ፈቃድ አይደለም። የእንክርዳዱ ምሳሌ የመጨረሻውን ፍርድ ከሰው እጅ ያወጣል እንጂ ዳኛውን ከችሎቱ አያነሳም። ጳውሎስ በሮሜ 13 ክፉ አድራጊን መቅጣት ለባለሥልጣን የተሰጠ አደራ መሆኑን ይጽፋል፤ ያዕቆብም የሠራተኛን ደመወዝ የያዙ ባለጠጎችን በግልጽ ይከሳል። ስለዚህ በዳይ የሚከብረው እግዚአብሔር ስለታገሠ ብቻ አይደለም፤ ዳኛው ስላዳላ፣ ምስክሩ ስለፈራ፣ ጎረቤቱም አይቶ ስላለፈም ነው። አምላክ ለምን ዝም አለ ብሎ የሚጠይቅ ክርስቲያን ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በእጁ ያለውን ፍትሕ ግን ለመጨረሻው ቀን ማሳደር አይችልም።