ቀዳዳ የሚያነብ መኪና

እኛ 30 ተማሪ ስንቆጥር እንኳ እንሳሳታለን። 50 ሚሊዮን ሰውስ ቢሆን? አሜሪካ በፈረንጅ 1880 ሕዝቧን ቆጠረች። ወረቀቱን በእጅ እየለዩ መደመሩ ሰባት ዓመት ያህል ፈጀ። ሕፃን ተብሎ የተመዘገበው ትምህርት ቤት ገባ!

ኸርማን ሆለሪዝ የተባለ መሐንዲስ መላ አገኘ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ ይዘጋጃል። ለወንድ አንድ ቦታ ይበሳል፤ ለሴት ሌላ ቦታ። ዕድሜም እንደዚሁ። ከዚያ መርፌዎች ካርዱ ላይ ይወርዳሉ። ቀዳዳ ያገኘ መርፌ አልፎ ሜርኩሪ የሚባል ፈሳሽ ብረት ይነካል። ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ሰዓት የሚመስል ቆጣሪ አንድ ይጨምራል። ቀዳዳ ያጣው እዚያው ይቀራል። በዚህ ዓይነት 62 ሚሊዮን ሰው በ1890 ተቆጠረ።

ኮምፒዩተርም ከመጣ በኋላ ለብዙ ዓመት መረጃ የሚቀበለው በካርድ ነበር። ካርዱን የሚበሳው ግን ሰው ነው። ሰውየው ቦታ ከሳተ፣ መኪናው ሴትየዋን ወንድ ብሎ ይደምራታል።