«ነገ እጀምራለሁ» ከማለታችን በፊት

«መቼ ሥራ መጀመር ይችላሉ?» የምትለዋ ጥያቄ አጭር ናት። ከኢንተርቪው መጨረሻ ላይ ወይም ሥራው መገኘቱን የሚያበስረው ስልክ ሲደወል ትመጣለች። ከእኛ ወገን ብዙው ሰው የሚሰጠው መልስ ደግሞ ከጥያቄዋ ያጠረ ነው፤ «ነገ!» ረጋ ያለው «ከነገ ወዲያ» ይላል።

ለምን እንዲህ እንደምንመልስ ማንም አይጠፋውም። ሀገር ቤት ሥራ የሚገኘው ደጅ ተጠንቶ፣ አማላጅ ተልኮ ነው። የቅጥር ደብዳቤውም ቀኑን ቆርጦ ይመጣል እንጂ «መቼ ይመችሃል?» ብሎ የሚጠይቅ የአስተዳደር ሹም አላየንም። በስደት ዓለም ደግሞ የቤት ኪራይ አለ፤ ለቤተሰብ የሚላክ አለ፤ «ብዘገይ ለሌላ ይሰጡብኛል» የሚል ስጋት አለ። ከሁሉም በላይ ይሉኝታ አለ። ሥራ የሰጠንን ሰው «ቀን ጨምርልኝ» ማለት ያጎረሰንን እጅ መንከስ ይመስለናል።

ይሁን እንጂ «ነገ» የምትለው መልስ ዋጋ አላት። ዋጋዋ የሚታወቀው ግን ከወራት በኋላ ነው።

እንበልና አንዲት እህታችን አሜሪካ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ አምስት ዓመት ሠርታለች። እናቷን ካየች ስድስት ዓመት ሆኗታል። በአንድ ሆስፒታል የተሻለ ደመወዝ ያለው ሥራ አገኘችና ዓርብ የድሮውን ለቅቃ ሰኞ አዲሱን ጀመረች። በሦስተኛው ወር «እናትሽ ታመዋል፤ ቶሎ ድረሽ» የሚል ስልክ ከደሴ መጣ። ይህቺ ሴት ምን መብት አላት?

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የአሜሪካ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ ወላጁ በጠና ለታመመበት ሠራተኛ በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጣል፤ የሥራ ቦታውንም ይጠብቅለታል። ነገር ግን ሕጉ የሚሠራው ለዚያው አሠሪ ቢያንስ 12 ወር ለሠራ፣ ባለፉት 12 ወራትም 1,250 ሰዓት ላሟላ ሰው ነው። አሠሪውም በ75 ማይል ክልል ውስጥ 50 ሠራተኞች ሊኖሩት ይገባል። እህታችን በአምስት ዓመት ያገኘችው መብት ሥራ በለወጠችበት ሰኞ እንደገና ከዜሮ ጀመረ። እናቷ ቢሞቱስ? የፌዴራሉ ሕግ የግል አሠሪዎችን ለሐዘን ፈቃድ እንዲሰጡ አያስገድድም። የራሳቸው የተሻለ ሕግ ያላቸው ስቴቶች አሉ። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ከ2023 ጀምሮ እስከ አምስት ቀን የሐዘን ፈቃድ ትፈቅዳለች። አምስት ቀን ግን ለእኛ ለቅሶ ደርሶ መመለሻ እንኳ አይበቃም። የዓመት ዕረፍትም ቢሆን በፌዴራል ሕግ ግዴታ አይደለም። እንግዲህ አዲስ ተቀጣሪ እጁ ላይ ያለው የአሠሪው በጎ ፈቃድ ብቻ ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። በሁለት ሥራዎች መካከል ያለችው ክፍተት የማንንም ፈቃድ ሳንጠይቅ ወላጆቻችንን የምናይባት፣ ልጅ ትምህርት ቤት የምናስገባባት፣ የምንታከምባት ጊዜ ናት። እሷን በ«ነገ» ከዘጋናት ሌላዋ እስክትከፈት ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

ቀን መቁረጥ

ለመሆኑ መቼ ነው የሚጠየቀው? ሥራው ለእርስዎ መሆኑ ከተነገረ በኋላ፣ ፊርማ ከመኖሩ በፊት። ከዚያ በፊት ከብዙ አመልካቾች አንዱ ነዎት። ከፈረሙ በኋላ ደግሞ ከሠራተኛው ሁሉ አዲሱ ነዎት። በመካከሉ ባሉት ጥቂት ቀናት ግን እነሱ መርጠዋል፤ እንደገና ሰው መፈለግ ለእነሱም ድካም ነው።

አጠያየቁም ቀላል ነው። መጀመሪያ ማመስገን፤ ቀጥሎ ቁርጥ ያለ ቀን መጥራት። «ጥቂት ሳምንት ስጡኝ» ሳይሆን «ገናን ከቤተሰቤ ጋር አሳልፌ ሰኞ ጃንዋሪ 12 ቀን መጀመር እችላለሁ፤ ይመቻችኋል?» ይባላል። ረጅም የቤተሰብ ታሪክ መተረክ አያስፈልግም። ያልሞተ ዘመድ መግደልም ነውር ከመሆኑ በላይ በኋላ እውነተኛ መርዶ ሲመጣ የሚያምን ያሳጣል። ከቀኑ ጋር ለእነሱ የሚጠቅም ነገር ይጨመርበት፤ «የወረቀቱን ሥራ፣ የጤና ምርመራውንና የጣት አሻራውን ከመሄዴ በፊት እጨርሳለሁ» ማለት ብዙ ማናጀር ያለሰልሳል።

የማይሆንበት ጊዜም አለ። የአውቶቡስ ሾፌሮች ሥልጠና ወይም የሆስፒታል ኦሪየንቴሽን ብዙውን ጊዜ በቡድን ስለሚሰጥ ቀኑ ላይገፋ ይችላል። ያን ጊዜ «የሚቀጥለው ቡድን መቼ ይጀምራል?» ብሎ መጠየቅ ነው። እሱም ካልሆነ «በሦስተኛው ወር ላይ ሁለት ሳምንት ያለ ደመወዝ ይፈቀድልኝ» ይባላል። የተስማሙበት ነገር ሁሉ ኦፈር ሌተሩ ላይ ይግባ፤ ቢያንስ በኢሜይል ይረጋገጥ። ዛሬ ቃል የሰጠው ማናጀር በሦስተኛው ወር እዚያ ላይኖር ይችላል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው።

የትንሣኤ፣ የጥምቀት ወይም የዒድ ቀን ጉዳይም በዚሁ ጊዜ ቢነሳ ይሻላል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው አሠሪዎች የሠራተኛውን የሃይማኖት ግዴታ እንዲያስተናግዱ ያዛል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2023 በሰጠው ውሳኔ አሠሪው «አልችልም» ለማለት በሥራው ላይ ከባድ ተጨማሪ ወጪ ወይም ጫና እንደሚደርስበት ማሳየት እንዳለበት ገልጿል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል አሠሪው የሰጠውን ሥራ መልሶ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው እጅ ሳይገባ፣ የወንጀል ነፃ ምርመራውና ሌላውም ሳያልቅ የድሮውን ሥራ መልቀቅ አይገባም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የኪስ ሒሳብ

የሁለት ሳምንት ዕረፍት የሁለት ሳምንት ደመወዝ ብቻ አያሳጣም። አዲሱ ሥራ የመጀመሪያውን ቼክ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ከተጀመረ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ያረፈ ሰው አንድ ወር ያህል ገንዘብ አያይም። በዚያ ላይ የአውሮፕላን ቲኬት አለ፤ ባዶ እጅ አይኬድምና ሻንጣውም አለ። ሁለት ሥራ የያዘ ወገን ደግሞ አንዱን ስለለቀቀ ብቻ ነፃ አይወጣም፤ የማታውን ሺፍትም አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት።

ለማካካስ መጀመሪያ ያልተጠቀሙበትን ዕረፍት ይቁጠሩ። በካሊፎርኒያ የተጠራቀመ የዕረፍት ቀን እንደ ደመወዝ ስለሚቆጠር ሠራተኛው ሲለቅ ይከፈለዋል። በሌሎች ብዙ ስቴቶች ግን የሚወስነው የድርጅቱ ደንብ ነው። የሁለት ሳምንት ኖቲስ መስጠት ልማድ እንጂ የፌዴራል ሕግ ግዴታ ባይሆንም፣ ኖቲስ ላልሰጠ ሰው የዕረፍት ገንዘብ የማይከፍሉ ድርጅቶች አሉና ከመልቀቂያው ደብዳቤ በፊት ደንቡን ያንብቡ።

ሁለተኛው የጤና ኢንሹራንስ ነው። የድሮው ኢንሹራንስ በለቀቁበት ቀን ያበቃል ወይስ በወሩ መጨረሻ? ይህን ጠይቆ መልቀቂያ ቀንን ማስተካከል ያዋጣል። አዲሱ አሠሪም ኢንሹራንሱን እስከ 90 ቀን ሊያዘገይ ይችላል። 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ካሉት ድርጅት የወጣ ሰው ኮብራ በሚባለው ሕግ የድሮውን ኢንሹራንስ ራሱ እየከፈለ መቀጠል ይችላል፤ ዋጋው ግን እስከ ሙሉው ዋጋ 102 በመቶ ይደርሳል። ለመወሰን 60 ቀን ይሰጣል። በዚህ መካከል ሕመም ቢገጥም ያን ጊዜ መርጦ የኋላውን ከፍሎ መሸፈን ይቻላል። ብዙዎቻችን ይህን ሳናውቅ ወይ በከንቱ ከፍለናል፣ ወይ በስጋት ሰንብተናል።

ሀገር ቤት መግባት ለማይችለው

ከመካከላችን ሀገር ቤት መግባት የማይሆንለት አለ። የጥገኝነት ማመልከቻው ያልተወሰነለት ሰው የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ ቢወጣ ማመልከቻውን እንደተወው ይቆጠራል። ጥገኝነት ያገኘውም ቢሆን ሸሽቶ ወደ ወጣበት ሀገር መመለሱ በጉዳዩ ላይ ጥያቄ ያስነሳል። እንዲህ ያለው ወገን ቤተሰቡን ናይሮቢ ወይም ዱባይ ላይ ሊያገኝ ይችል ይሆናል። ለዚያ ግን የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያስፈልገዋል፤ ሰነዱም ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱን ሥራ መፈለግ በጀመረበት ወር ማመልከት፣ ከመውጣቱ በፊትም ጠበቃ ማማከር ይኖርበታል። ሌላም አለ፦ የሥራ ፈቃድ ማረጋገጫ ሰነድ በአዲሱ ሥራ በመጀመሪያዎቹ ሦስት የሥራ ቀናት መቅረብ አለበት። ካርዱ በጉዞ ላይ ሳሉ የሚያበቃ ከሆነ የተለመነው ቀን ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

አውሮፓና ዐረብ ሀገር

በአውሮፓ ያላችሁ ጉዳዩ ይቀልላችኋል። በጀርመን ሠራተኛው ለመልቀቅ በሕግ የአራት ሳምንት ማስታወቂያ ስለሚሰጥ አዲሱ አሠሪም መጠበቅን ለምዶታል። ይሁንና ሙሉው የዓመት ዕረፍት መብት የሚገኘው ከስድስት ወር በኋላ ነው። በብሪታንያ የዓመት ዕረፍቱ 5.6 ሳምንት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ግን አሠሪው በየወሩ አንድ አሥራ ሁለተኛውን እየቆጠረ ሊሰጥ ይችላል። እዚያም ቢሆን አስቀድሞ የተቆረጠ ቲኬት ካለ መናገር የሚሻለው ከፊርማ በፊት ነው።

በዐረብ ሀገር ያሉ እህቶቻችን ነገር ግን ይለያል። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ በ2022 ያወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ በዓመት 30 ቀን ዕረፍት ይፈቅዳል። ሆኖም ፓስፖርቷን አሠሪ የያዘባት፣ መውጫዋ በሰው እጅ የሆነ ሴት «ቀን ጨምሩልኝ» ብላ የምትደራደረው ከማን ጋር ነው? ለእሷ የመደራደሪያዋ ጊዜ ከሀገር ከመውጣቷ በፊት ያለው ነው፤ ዕረፍቱም የመመለሻ ቲኬቱም ኮንትራቱ ላይ መስፈር አለባቸው። የመሄድ ሐሳብ ያላት ዘመድ ያለን ሁሉ ይህን ዛሬውኑ ደውለን እንንገራት።

እኛ ግን ስልኩ ሲደወል የምንጠየቀው የሚመቸንን ቀን ነው። እንግዲህ የሚመቸንን ቀን እንንገራቸው። በትሕትና የተጠየቀ ቀን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስከትለው ክፉ ነገር ቢኖር «አይሆንም» የሚል መልስ ነው፤ ያን ጊዜ «ነገ» ማለት አይጠፋም። አስቀድሞ «ነገ» ያለ ሰው ግን ደሴ ያሉት እናት ሲታመሙ የሚደውለው ለአየር መንገድ አይደለም፤ ሥራ ከጀመረ ሦስት ወር ላልሞላው ሱፐርቫይዘሩ ነው።