የሰሜን ልጆች በሰው አገር ኮሮጆ

ከጎንደር ተነስቶ በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚደርሰው መንገድ የሚያልፍባቸው የወገራና የሰሜን ቀበሌዎች ቤተ እስራኤል ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ለዘመናት የኖሩባቸው ናቸው። ሰሜን እስከ አፄ ሱስንዮስ ዘመን የራሳቸው ገዢዎች የመሸጉበት ምድር ነበር። ዛሬ የዚያ አገር ልጆችና የልጅ ልጆች ድምፅ የሚሰጡት በሬሖቮት፣ በነታንያና በቂርያት መላኪ ነው። በእስራኤል የኢትዮጵያ ዝርያ ያላቸው ዜጎች ከ160 ሺህ በላይ ቢሆኑም ከአገሪቱ ሕዝብ 2 በመቶ አይሞሉም። ይህን ያህል ጥቂት ሆነው፣ በቆዳ ቀለማቸው አድልዎ እየደረሰባቸው፣ ብዙዎቹም በዝቅተኛ ገቢ እየኖሩ፣ ለማን ይመርጣሉ? በአሜሪካ ጥቁሮች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ የሲቪል መብት ሕጎች ወዲህ በብዛት ከዴሞክራቶች ጋር ናቸው፤ በብሪታንያም የስደተኞች ልጆች ለሌበር ሲያደሉ ኖረዋል። በዚህ ስሌት የሚሄድ ሰው የእኛዎቹንም ከግራው ጎራ ይፈልጋቸዋል። ኮሮጆ ዘር ስለማይመዘግብ ፍንጩ የሚገኘው እነሱ ከሚበዙባቸው ሰፈሮች ቆጠራ ነው፤ እዚያ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ጎልቶ የታየው ቀኝ ዘመሙ ሊኩድ ነው።

የተለመደው ማብራሪያ ሃይማኖት ነው። ሰንበት አክባሪና ወግ አጥባቂ ሕዝብ ወደ ቀኝ ማዘንበሉ አይገርምም ይባላል። ከፊል እውነት አለው፤ ሻስ የተባለው የሃይማኖት ፓርቲም ከመካከላቸው ተመራጭ አግኝቷል። ይሁንና ያው አንድ ሃይማኖት ይዘው አዲሱ መሰለ በሌበር፣ ሽሎሞ ሞላ በካዲማ፣ ፕኒና ታመኖ-ሻታ በየሽ አቲድ፣ አቭራሃም ንጉሤ በሊኩድ ወደ እስራኤል ፓርላማ፣ ክኔሴት፣ ገብተዋል። ሃይማኖት ብቻውን ይህን መበታተን አይፈታውም። የሚፈታው የቤተሰብ ጉዳይ ይመስለኛል፦ በሩን ማን ከፈተ፣ በወዲህኛው ዳር የቀረውን ወንድም ማን ያስገባል? ይህ ጥያቄ ከደመወዝም ከቀለምም ቀድሞ መራጩን ይዞታል።

እርግጥ በሩን ማን ከፈተ የሚለው ትዝታ ከታሪክ መዝገብ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ1975 ቤተ እስራኤል በመመለስ ሕጉ እንዲገቡ የፈቀደው በሌበሩ ራቢን የሚመራ መንግሥት ነበር። በሱዳን በኩል ብዙ ሺህ ሰው የወጣበት፣ ሌሎች ሺዎችም በመንገድና በመጠለያ ያለቁበት የሙሴ ዘመቻ በ1977 ዓ.ም. ሲካሄድ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሺሞን ፔሬስ ነበሩ። ሕዝቡ ልብ ውስጥ የቀረው ግን ሥልጣን እንደያዘ ከደርግ ጋር መደራደር የጀመረው የሊኩዱ ቤጊን ነው፤ ከእሱም ቀጥሎ በሻሚር ዘመን፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ያነሳው የሰሎሞን ዘመቻ። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ኢትዮጵያውያን የለገሱት ደም በድብቅ ሲደፋ መኖሩ ተጋልጦ ሺዎች አደባባይ ሲወጡም መንግሥቱ የሌበር ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት አዲሱ መሰለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የክኔሴት አባል ሆኖ በዚያው በሌበር ዝርዝር ተመረጠ። ዘላለማዊ ታማኝነት ለሚሹ ፓርቲዎች ይህ የማይመች ምሳሌ ነው።

ጥቂት መሆን ምን እንደሚያስከፍል የታየው በኋላ ነው። ከሶቪየት ኅብረት የመጡት አይሁዶች ብዙ ስለነበሩ እ.ኤ.አ. በ1996 የራሳቸውን ፓርቲ አቋቁመው ከ120 መቀመጫ 7 ወሰዱ። ኢትዮጵያውያንም እ.ኤ.አ. በ2006 አቲድ ኤሐድ በሚባል ዝርዝር በአቭራሃም ንጉሤ መሪነት ሞክረው በወቅቱ የሚጠየቀውን 2 በመቶ ሳይጠጉ ቀሩ። ንጉሤ እ.ኤ.አ. በ2015 በሊኩድ በኩል ገባ። በዚያ ዓመት መጨረሻ መንግሥት ፈላሽ ሙራ የሚባሉትን፣ ቅድመ አያቶቻቸው ክርስትና የተቀበሉ የቤተ እስራኤል ዝርያዎች፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ የሚጠባበቁ 9 ሺህ ገደማ ሰዎች ለማስገባት ወሰነ፤ ወራት ሳይቆይ በጀት የለም ተባለ። የኔታንያሁ ጥምረት የነበረው 61 መቀመጫ፣ ማለትም የአንድ ሰው ብልጫ ብቻ ነበር። ንጉሤና የሊኩዱ ዴቪድ አምሳለም ከመንግሥት ጋር ድምፅ አንሰጥም አሉ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 ስምምነት ተደረሰ፤ በጥቅምት የመጀመሪያዎቹ ገቡ። ፓርቲ ያላስገኘውን ሁለት እምቢተኛ አባላት አስገኙት። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም፤ ጥቂቶች የሚደመጡት ሚዛኑ በሳሳበት ሰዓት ድምፃቸውን ሊነፍጉ እንደሚችሉ ሲታወቅ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። እዚያው ተወልደው ያደጉት ወጣቶች ‹‹የዘመድ ጉዳይ ሁሉን ዋጠው፤ የትምህርት ቤቱ፣ የሥራው፣ የፖሊሱ ጉዳይ ተረሳ›› ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ፖሊሶች አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ሲደበድቡ የሚያሳይ ቪዲዮ ከወጣ በኋላ፣ በ2019 ደግሞ አንድ ወጣት ከሥራ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ከተገደለ በኋላ መንገድ የዘጉት እነሱ ናቸው። ፓርቲዎቹ ግን የሚያውቁትን መንገድ ያዙ። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የክኔሴት አባሉ ጋዲ ይባርከን ከሰማያዊና ነጭ ፓርቲ ወደ ሊኩድ ተሻገረ፤ በየካቲት መንግሥት 400 ያህል ሰዎች ለማስገባት ወሰነ፤ የመጀመሪያዎቹ ከመጋቢቱ ምርጫ ቀናት ቀድመው አረፉ። ተራ የምርጫ ጉርሻ ነው ቢባል አልከራከርም። ቢሆንም የተጎረሰው የሰው ዘመድ ነው፤ እናቱን ለዓመታት የጠበቀን መራጭ ‹‹ስለ ፖሊስ ማሻሻያ አስብ›› ማለት ቀላል አይደለም።

ይኸው የዘመድ ጉዳይ መራጩን ሲይዝ ከእስራኤል ውጭ፣ በአሜሪካም ይታያል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ወደ ዳባት ወረዳ ዘልቀው በነበረበት ጊዜ ጭና ላይ ከመቶ በላይ ሲቪሎች መገደላቸውን የአካባቢው ባለሥልጣናት ተናገሩ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ በጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ገዢዋን መረጠች። በአብዛኛው ለዴሞክራቶች ሲመርጡ የኖሩ የዚያው ኢትዮጵያውያን ባይደን በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ላይ የያዙትን ፖሊሲ በመቃወም ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀሰቀሱ። ያንግኪን በ64 ሺህ ድምፅ ገደማ አሸነፈ። በእኛ ድምፅ ነው ያሸነፈው ማለት ግን ማጋነን ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ፌርፋክስ ካውንቲ በሰፊ ብልጫ ለዴሞክራቱ ነው የሰጠው። በዚያው በምርጫው ዕለት ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል፣ እንደሚያስወጡ ለኮንግረስ አሳወቁ፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 መባቻ ጀምሮም ወጣች። የክልል ገዢ የውጭ ፖሊሲ አያወጣም፤ ቁጣው የወረደው ሊመልስለት በማይችል ሥልጣን ላይ ነበር። ንጉሤና አምሳለም ግን የያዙት መንግሥትን ሊጥል የሚችል ድምፅ ነበር፤ የጠየቁትም አንድ የተለየ ነገር ነው።

ስለዚህ በሬሖቮትም በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያም ያላችሁ መራጮች፣ ፎቶ ለመነሳት ነጠላ ለብሶ የሚመጣ ዕጩ አያታልላችሁ። ጉዳያችሁ በእሱ ሥልጣን የሚፈጸም መሆኑን አረጋግጡ፤ ከሆነም ስንት ሰው፣ በየትኛው ዓመት፣ ከየትኛው በጀት ብላችሁ ከምርጫው በፊት በጽሑፍ አስፈርሙት።