ከዋንጫ በኋላ የሚቀረው ጉርብትና

አንድ ዋንጫ ለሁለት አይከፈልም። ስለዚህ የፍጻሜ ጨዋታ በተደረገበት ማታ አንዱ ወገን እየዘፈነ፥ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ መግባቱ የማይቀር ነው። ነገር ግን ሁለቱም የሚገቡት በአንድ ደረጃ ወጥተው እንደ ሆነ፥ በማግስቱ የሚሆነው የኳስ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የቤተ ሰብ ጉዳይ ይሆናል። ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ይህንኑ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሱት ሁለት የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች፥ ኢትዮጵያ ቡናና ወላይታ ድቻ ነበሩ። ዋንጫውን ቡና ወሰደ። በሊግ ዛሬ የተሸነፈ በሚመጣው ሳምንት ይክሳል፤ በጥሎ ማለፍ ግን አንድ ጊዜ የወደቀ ወድቆ ይቀራል። አሸናፊውም በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አገሩን ወክሎ ይሰለፋል። ስለዚህ ደስታውም ኀዘኑም ከፍ ያለ ነው።

እኛ የምንኖረውና የምናስተምረው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። ከጎፋ እስከ ጀሞ ድረስ፥ ከሶዶ የመጣውና አዲስ አበባ የተወለደው በጋራ መኖሪያ ቤት አንድ ግድግዳ ተጋርተው ያድራሉ። «ቡና» የሚለው ስም የማንንም ትውልድ አያነሣም፤ «ወላይታ» ግን የክለብ ስም ብቻ ሳይሆን የሕዝብም የአገርም ስም ነው። አደጋው ያለው ከዚህ ላይ ነው። ክለቡን የሰደበ ሰው፥ ሳያስበው የጎረቤቱን እናትና አባት ሰድቦ ይገኛል።

ጨዋታው ካለፈ ከጥቂት ቀን በኋላ፥ በአንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሁለት ተማሪዎቻችን ተጣሉ። በኳስ የተጀመረው ቀልድ ወደ ትውልድ ስድብ ዞሮ ነበር። የተሰደበው ልጅ አላለቀሰም፥ አልተማታምም፤ ደብተሩን ይዞ ወደ ሌላ ወንበር ሄደ እንጂ።

ሁለቱን ጠርተን ተሳዳቢውን፥ «ድቻ በ2010 ዓ.ም. ምን እንዳደረገ ታውቃለህን?» ብለን ጠየቅነው። አላወቀም። እኛም ነገርነው። ድቻ የ2009ን የኢትዮጵያ ዋንጫ አሸንፎ በአፍሪካ መድረክ ከግብጹ ዛማሌክ ጋር ተገናኘ። ዛማሌክ የአፍሪካን ሻምፒዮኖች ዋንጫ 5 ጊዜ ያነሣ ክለብ ነው። ድቻ በሐዋሳ 2 ለ1 አሸነፈ፤ በካይሮ 2 ለ1 ተሸነፈ፤ በመለያ ምትም 4 ለ3 ረትቶ ዛማሌክን ከውድድሩ አስወጣ። «እኛ ከተማሪነታችን ጀምሮ የቡና ደጋፊ ስንሆን፥ በዚያን ቀን ግን ለድቻ እልል ብለናል» አልናቸው።

ያን ጊዜ የተሰደበው ልጅ ቀና ብሎ፥ «መምህር፥ ዛማሌክን ሲያሸንፉ የኢትዮጵያ፥ በቡና ሲሸነፉ ግን የወላይታ ይባላሉን?» አለን።

መልስ አልነበረንም። እንዲያውም አፈርን። በፍጻሜው ማታ ደረጃውን እየዘፈንን ስንወጣ፥ የሶዶውን ጎረቤታችንን በር አልፈን ነበርና። የማንንም ትውልድ አልተሳደብንም፤ ነገር ግን ድምፃችንን ዝቅ አላደረግንም፥ በማግስቱም «እንዴት አደሩ» ለማለት አላንኳኳንም። ልጆቻችንም ከኋላችን ሆነው ይህን አይተዋል።

በዚያው ማታ አንኳኳን። ጎረቤታችን በሩን ከፍቶ ሣቀና፥ «ይግቡ መምህር፤ ያሸነፈን ቡና እንኳ በቤታችን ይፈላል» አለን። ሦስተኛው እስኪቀዳ ድረስም ተጨዋወትን።

በነሐሴ 2016 ቡና የኬንያውን ፖሊስ ክለብ ጥሎ ሲያልፍ፥ በሚከተለውም ዙር በሞሮኮው በርካኔ ተሸንፎ ሲወጣ፥ ወሬውን የተከታተልነው ከዚሁ ጎረቤታችን ጋር ነው። በሽንፈቱ ያዘነው ከእኛ ባላነሰ ነበር።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጅ ለክለቡ ይጩኽ፤ በግብም ይደሰት፤ ይህ የወጣትነት ወግ ነው። ነገር ግን «ተሸነፉ» ከሚለው ቃል አልፎ «እነዚያ ሰዎች» ማለት የጀመረ እንደ ሆነ፥ በዚያው በማዕዱ ላይ እናርመው። የቀደሙት «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ያሉት በከንቱ አይደለም። ዋንጫ በየዓመቱ እጅ ይለውጣል፤ ሌሊት ልጅ ሲታመም የምናንኳኳው በር ግን ያው አንዱ ነው። ሁለቱ ተማሪዎቻችንም፥ ሳምንት ሳይሞላ፥ ወደ አንድ ወንበራቸው ተመልሰዋል።