ያማረ መሪ ሁሉ ይመራል?

ርዕሱን አይታችሁ «ደግሞ ፖለቲካ!» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ የተነሳችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ቆዩማ! የዛሬው ጨዋታችን ስለዚያኛው መሪ አይደለም። ሾፌሩ በሁለት እጁ ጨብጦት ስለሚውለው፣ ስለ መኪና መሪ ነው። እሱም ቢሆን ግን ሲመርጡት ካልተጠነቀቁ ገደል ይከታል።

ደብረ ማርቆስ ላይ ጥር ሲቃረብ የወጣቱ ወሬ መኪና ይሆናል። ሰርግ አለ፣ አጀብ አለ፣ ቪዲዮ አለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን መኪና አሳምሮ መያዝ የግድ ሆኗል። የወንበሩ ልብስ ይቀየራል፣ ጣሪያው ይለበጣል፣ መብራት ይዘረጋል። በመጨረሻ ዓይን የሚያርፈው መሪው ላይ ነው። አነስ ያለች፣ በቀይ ክር የተሰፋች፣ መሀሏ ላይ አርማ ያላት የዲኮር ቤት መሪ! እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ታምራለች።

የማውቀው አንድ የማርቆስ ልጅ አለ። ኮሮላ ይነዳል። መኪናዋን የገዛችለት እህቱ ናት፤ ዓረብ አገር ስምንት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ። በሰርግ ሰሞን ሙሽራ ይጭንባታል፣ በሌላው ጊዜ ይከራይባታል፣ በዚያችው እናቱን ይጦራል። በቀደም ዕለት የመሪ ፎቶ አሳየኝና፣

«ጋሼ፣ እርስዎ መኪና ያውቃሉ። ይቺን ላስገጥማት ነው፤ ምን ይሉኛል?» አለኝ።

«ኤርባጉስ?»

«እሱን ያወጡልኛል። የሚበራውንም መብራት ያጠፉልኛል።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው! ኤርባግ ማለት መሪው መሀል ተጣጥፎ የተቀመጠ ከረጢት ነው። መኪና ከፊት ለፊት በኃይል ሲጋጭ ዓይን ጨፍኖ ከመግለጥ በፈጠነ ጊዜ ይነፋና የሾፌሩን ደረትና ጭንቅላት ይቀበላል። ከቀበቶ ጋር ሆኖ ነፍስ ያተርፋል። እሱ ወጥቶ በምትኩ የብረት እምብርት ያላት መሪ ስትገባ፣ በግጭት ቀን ደረቱ የሚያርፈው ብረቱ ላይ ነው። የማስጠንቀቂያ መብራቱን ማጥፋትም ያው ማታለል ነው። ነገ መኪናዋን የሚገዛው ሰው ከረጢት ያለ እየመሰለው ይነዳታል።

ለመሆኑ እነዚህ ትናንሽ መሪዎች ከየት መጡ? ከእሽቅድምድም ሜዳ ነው። ጣሊያናዊው ተወዳዳሪ ጃንፒዬሮ ሞሬቲ ለራሱ ያሠራት መሪ ወደደችለትና ሞሞ የሚባለውን ማርክ መሠረተ። በ1964 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ጆን ሰርቲስም በፌራሪው ላይ የሞሞ መሪ ነበረው። እሽቅድምድም የሚነዳ ሰው ግን ወንበሩ ላይ በጠንካራ ማሰሪያ ተጠፍሮ ነው፤ የራስ ቁርም አድርጓል። የእኛ ልጅ ያለው ጃኬትና መነጽር ነው!

የእኛም መንገድ የራሱ ጠባይ አለው። ከማርቆስ አዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሀሉ ላይ ዓባይ በረሃ አለ። ከደጀን አፋፍ ወርዳችሁ፣ በ2000 ዓ.ም. የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግራችሁ፣ ጎሃ ጽዮን እስክትወጡ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥምዝምዝ ነው። ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ከፊት የተጫነ አይሱዙ፣ ከጎን ገደል። እዚያ ላይ መሪ የሚመዘነው በሰርግ ቪዲዮ ሳይሆን በአያያዙ ነው።

«እኔ ያለኝ አሮጌ ቮልስ ነው፤ ኤርባግ የሚባል ነገር አያውቅም» የምትሉ አላችሁ። እናንተ መቀየር ትችላላችሁ፤ ግን እንዲህ አድርጋችሁ ምረጡ።

መጀመሪያ ስፋቷን ለኩ። መሪ ሲያንስ ይከብዳል። ፓወር ስቲሪንግ በሌለው መኪና ላይ ከ38 ሳንቲ ሜትር ወደ 32 ብትወርዱ ክንዳችሁ የሚያወጣው ጉልበት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይጨምራል። ማርቆስ ገበያ ጠባብ ቦታ ላይ ስታቆሙ ታዩታላችሁ! 36 ወይም 35 ይበቃል። ተቀምጣችሁም እዩ፤ የፍጥነት ቆጣሪውን የምትጋርድ ከሆነ ትቅርባችሁ።

ቀጥሎ ቀዳዳዎቹን እዩ። የሞሞ ስድስት ብሎኖች የሚቀመጡበት ክብ 70 ሚሊ ሜትር ነው፤ ናርዲ የሚባለው ማርክ ደግሞ 74። መሪውና ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው አስማሚ ካልገጠሙ «ቀዳዳውን አስፍቼ አስገባዋለሁ» የሚል አይጠፋም። ከዚያ ሰው ሽሹ! አስማሚው ለመኪናችሁ ሞዴል የተሠራ፣ ጥርሱ ከዘንጉ ጥርስ ጋር ልክ የሚነካከስ መሆን አለበት። ማርክም አያታላችሁ፤ አርማ መለጠፍ ቀላል ነው። ጠርዙን በሁለት እጅ ይዛችሁ ጠምዘዝ አድርጉት። ከተለመጠ የተሠራው ለግድግዳ ጌጥ ነው።

የተወለወለ እንጨትም ዓይን ይስባል። በክረምት ጠዋት፣ የጮቄ ብርድና ጉም ሲወርድ፣ በረጠበ እጅ ያዙትና ንገሩኝ። ቆዳ ይሻላል።

ከተገጠመ በኋላ ሳብና ገፋ አድርጉት፤ መንቀጥቀጥ የለበትም። የመሀሉ ዳዶ በደንብ መጥበቁን በዓይናችሁ እዩ። ክላክሱ ይጮኻል? ከታጠፋችሁ በኋላ ፍሬቻው ራሱ ይመለሳል? ጎማው ቀጥ ሲል መሪውም ቀጥ ይላል? አንዱ እንኳ ካልሆነ ከጋራዡ አትውጡ።

ኤርባግ ላላችሁ ግን ምክሬ አጭር ነው፤ አትንኩት። ማማር ካስፈለገ የፋብሪካው መሪ ጠርዝ ዙሪያውን በቆዳ ይሰፋል፤ መሀሉ እንዳለ ይቆያል። የሚንሸራተት የፕላስቲክ ልባስ አይደለም ያልኩት፤ በእጅ ተወጥሮ የሚሰፋ ቆዳ ነው። «ሶማሌ ተራ ኤርባግ ያለው ሙሉ መሪ አግኝቻለሁ» የምትሉም ካላችሁ፣ አንዴ ፈንድቶ ክዳኑ የተለጠፈ እንዳይሆን በሚያውቅ ሰው አስፈትሹ። ባትሪ ሳይነቀልና ደቂቃዎች ሳይቆዩ መሪ የሚፈታ መካኒክም ከፊቱ ቦምብ እንዳለ አያውቅም ማለት ነው።

የማርቆሱ ልጅ ይህን ሁሉ ብነግረውም ልቡ አልቆረጠም ነበር። ያስቆረጠችው እህቱ ናት። ማታ ደውሎ ሲያማክራት፣ «መኪናዋን የገዛሁት አንተን ብዬ ነው እንጂ መኪናዋን ብዬ አይደለም» አለችው። በማግሥቱ ቆዳ ሰፊ ዘንድ ሄደ። ቀይ ክሩን ግን አልተወም። ማን ይከለክለዋል? ከረጢቱ በቦታው ካለ ክሩ ቀይም ይሁን አረንጓዴ የሱ ጉዳይ ነው።

እናንተስ? ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ መሪ ደረቴን በክፉ ቀን እንዴት ይቀበለዋል?