ራሱን ስለ ቈሰለ ሰው

እግሩ የተሰበረ ሰው በምርኩዝ ሲሄድ ያየው ሁሉ ያዝንለታል፤ መንገድም ይለቅለታል። ራሱን በብርቱ ተመትቶ የተረፈ ሰው ግን ምርኩዝ አይዝም። ቍስሉ ሽሮ ጠጕሩ ከበቀለ በኋላ ሰዎች ፈጽሞ የዳነ ይመስላቸዋል። ከዚያም በኋላ ቢቈጣ ወይም ቢረሳ ባለጌ ነው፥ ሰነፍ ነው ይሉታል።

በራስ ቅል ውስጥ ያለው አንጎል እጅግ ለስላሳ ነው። ሰው የሚያስበውም የሚናገረውም በእርሱ ነው። ከግንባር በስተኋላ ያለው ክፍል ቍጣን ለመግታትና የጀመሩትን ሥራ ለመፈጸም ይረዳል። ይህ ክፍል ሲጐዳ የሰው ጠባይ ሊለወጥ እንደሚችል ለሐኪሞች ካስተማሯቸው ሰዎች አንዱ ፊንያስ ጌጅ የሚባል አሜሪካዊ ነው።

ጌጅ በቨርሞንት አገር በካቨንዲሽ አጠገብ የምድር ባቡር መንገድ የሚሠሩ ሠራተኞች አለቃ ነበረ፤ ዕድሜውም 25 ዓመት ነበረ። ትጉህና ጭምት ስለ ሆነ አሠሪዎቹ ይወዱት ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1848 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 13 ቀን በአለት ቀዳዳ ያገባውን ባሩድ በብረት ዘንግ ሲጠቀጥቅ ባሩዱ በድንገት ፈነዳ። ዘንጉም እንደ ጥይት ተወርውሮ በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። የዘንጉ ርዝመት 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ክብደቱም 6 ኪሎ ያህል ነበረ። እንዲህም ሆኖ ጌጅ ጥቂት ቈይቶ ተናገረ፤ በሬ በሚስበው ጋሪ ላይ ተቀምጦም ወደ ማረፊያው ሄደ።

ሐኪሙ ጆን ሃርሎ ቍስሉን አጥቦ አሰረለት። ዳሩ ግን ቍስሉ መገለ፤ በሽተኛውም ራሱን ወደ መሳት ደረሰ። ወዳጆቹ ተስፋ ቈርጠው የሬሳ ሣጥን አዘጋጁለት። ሐኪሙ ግን መግሉን በስቶ አወጣለት፤ ከ10 ሳምንት በኋላም ጌጅ ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ። የግራ ዓይኑ ብርሃን ጠፍቶ ቀረ፤ ሌላው አካሉ ግን ቀስ በቀስ በረታ።

ወደ ቀድሞ ሥራው ሊመለስ በፈለገ ጊዜ አሠሪዎቹ አልተቀበሉትም። ጠባዩ ተለውጦ ነበርና። ይሳደባል፤ ምክር አይሰማም፤ ብዙ ነገር ያስባል፥ ሳይፈጽመውም ይተወዋል። ወዳጆቹም የቀድሞው ጌጅ እንዳልሆነ ተናገሩ። ይህ ነገር በብዙ መጻሕፍት ስለ ተጻፈ፥ ጌጅ እስኪሞት ድረስ ለምንም ሳይረባ የኖረ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይህ ግን ቸኵሎ መፍረድ ነው።

ጌጅ በፈረሶች ጋጥ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ሠራ። በ1852 ዓ.ም. ባሕር ተሻግሮ ወደ ቺሊ ሄደ፤ በዚያም በስድስት ፈረስ የሚሳብ የመንገደኞች ሠረገላ እየነዳ ዓመታት ኖረ። ስድስት ፈረስ ባንድ ጊዜ መግራት፥ መንገደኛን መቀበል፥ በእንግዳ ቋንቋ መግባባት የማይረባ ሰው ሥራ አይደለም። በዘመናችንም ይህን ታሪክ የመረመሩ ሊቃውንት፥ ያ በሥርዓት የተያዘ የየዕለት ሥራ ጠባዩን መልሶ ሳያቀናለት አልቀረም ይላሉ።

ዛሬም ሐኪሞች ራሱን ለተጐዳ ሰው ተመሳሳይ ነገር ያዝዛሉ። በቂ እንቅልፍ ይተኛ፤ ከመጠጥ ይራቅ፤ አንዱን ሥራ ሳይፈጽም ሌላውን አይጀምር፤ የሚረሳውን በወረቀት ይጻፍ። ቤተ ሰቡም ባጭር ቃል ይንገረው፤ ሲዘገይም ይታገሠው። መዳን ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ይፈጃልና።

በ1859 ዓ.ም. ጌጅ ጤናው ስለ ደከመ እናቱ ወዳለችበት ወደ ሳን ፍራንሲስኮ መጣ። በሚከተለው ዓመት የሚጥል በሽታ ያዘው፤ ይህ በሽታ ከብርቱ የራስ ቍስል በኋላ ብዙ ዘመን ቈይቶም ሊመጣ ይችላል። ዛሬ የሚያስታግሠው መድኃኒት አለ። ጌጅ ግን በ1860 ዓ.ም. ሜይ 21 ቀን ሞተ። እናቱ በኋላ ለሐኪሙ ለሃርሎ እንደ ነገረችው፥ ልጇ ሕፃናትንና ፈረሶችን ውሾችንም አብልጦ ይወድ ነበር። የእኅቶቹንና የወንድሞቹን ልጆች ሰብስቦም በመንገድ አገኘኝ የሚለውን ድንቅ ድንቅ ተረት ያወራላቸው ነበር።