ነፋስን የሚቀድም ጋሪ

በአዘና መንደሮች በሬዎቹ እህሉን አበራይተው ከጨረሱ በኋላ ገበሬው ላይዳውን ይዞ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ነፋስ ነው። ጥቂት ገለባ ወደ ላይ ይበትንና የሚሄድበትን ይመለከታል። ነፋሱ ሲቀናለት እህሉ ከገለባው ይለያል። ሳያስታውቅ የዞረ እንደ ሆነ ግን ገለባው ተመልሶ በምርቱ ላይና በገበሬው ዓይን ውስጥ ይወድቃል።

በሩቅ አገርም ይህንኑ ጭንቀት የሚያውቁ ሰዎች አሉ። የእነርሱ አውድማ የደረቀ ሐይቅ ነው። ውሃው ተንኖ በቀረው ጠንካራና ደልዳላ ሜዳ ላይ፣ ሞተር የሌለውን ባለ ሦስት እግር ጋሪ ሸራ ተክለውለት በነፋስ ብቻ ያስሮጡታል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1600 ገደማ የፍላንደርስ ተወላጁ የሒሳብ ሊቅ ሲሞን ስቴቪን ለልዑል ሞሪስ ባለ ሸራ ሠረገላ ሠርቶ መኳንንቱን በባሕር ዳር አሸዋ ላይ አስኪዷቸዋል።

የሚያስደንቀው ግን የዛሬው ጋሪ ከሚነዳው ነፋስ አብልጦ መሮጡ ነው። የፊዚክስ ትምህርቱን በእንቅልፍ ያሳለፈ ተማሪ «ሐሰት ነው» ይል ይሆናል። ለመረዳት ግን ከአዘና ሜዳ መራቅ አያስፈልግም። አገው በፈረሱ የታወቀ ነው፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። ፈረሰኛው ቅጠል በማይነቃነቅበት ጧት እንኳ ቢጋልብ ልብሱ ወደ ኋላ ይውለበለባል። ያን ነፋስ ያመጣው የፈረሱ ሩጫ ነው።

ጋሪውም እንዲሁ ነው። ነፋሱ ከኋላ ብቻ ቢገፋው ፍጥነቱ ከነፋሱ ሲስተካከል ሸራው ይረግባልና ከዚያ አያልፍም። ከጎን ሲመጣለት ግን ሸራው እንደ አውሮፕላን ክንፍ ይሠራል፤ መንኮራኩሮቹም ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዙታል። ጋሪው በሮጠ ቁጥር የራሱ ሩጫ የሚፈጥረው ነፋስ ከእውነተኛው ጋር ተደምሮ ክንፉን ያበረታዋል። ወሰን ግን አለው፤ ፍጥነቱ ሲበዛ ነፋሱ ከፊት ለፊት እየመጣ መግፋቱን ይተዋል። እውነተኛው ነፋስ ጨርሶ ከቆመማ ጋሪውም ይቆማል።

አደጋው በድንገተኛው ነፋስ ነው። ፀሐይ ያጋለችው ሜዳ አቧራውን እያሽከረከረ የሚያነሣ ዐውሎ ያስነሣል። በእንዲህ ያለው ጊዜ አንደኛው መንኮራኩር ከመሬት ይነሣል፤ ነጂውም ፈጥኖ የሸራውን ገመድ ካላላላ ይገለበጣል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚፈትነው መጠበቁ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ጄንኪንስ ለዚህ ነገር 10 ዓመት ያህል ደክሟል። ሜዳው ሲደርቅ ነፋስ ይጠፋል፤ ነፋሱ ሲመጣ ሜዳው ረጥቦ ይገኛል። በመጨረሻ መጋቢት 17 ቀን 2001 ዓ.ም. በአሜሪካ ኢቫንፓ በተባለው ደረቅ ሐይቅ ላይ «ግሪንበርድ» የተባለው ጋሪው በሰዓት 202.9 ኪሎ ሜትር ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ።

ይህንንም የኒው ዚላንድ ሰዎች ወሰዱበት። «ሆሮኑኩ» የተባለውን ጋሪ ይዘው በደቡብ አውስትራሊያ ወደሚገኘው ጌርድነር ሐይቅ ቢሄዱ ያልተጠበቀ ዝናብ ሜዳውን አጥለቀለቀው። ወራት ጠበቁ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ግሌን አሽቢ በሰዓት 222.43 ኪሎ ሜትር ነዳው። በዚያን ሰዓት የነበረው ነፋስ 41 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ጋሪው ከነፋሱ አምስት እጥፍ ያህል ሮጧል ማለት ነው።

በአዊ ይህን ለመሞከር የሚመኝ ወጣት ቢኖር ዘንገና ሐይቅ አይሆነውም፤ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ጥልቅ ውሃ ነውና። እንዳይደርቅም እንመኝለታለን።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ድካም ለጨዋታ ብቻ ነውን? ጄንኪንስ ከጋሪው ክንፍ የተማረውን ወደ ባሕር ወስዶ ሰው የማይሳፈርባቸው ባለ ክንፍ ጀልባዎች ሠራ። ከእነዚህም አንዷ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በአትላንቲክ ውቅያኖስ «ሳም» የተባለው ከባድ ማዕበል ውስጥ ገብታ የነፋሱን ኃይል እየለካች፣ የሞገዱን ሥዕል ወደ ምድር ላከች።